ለቀበሮዋ ጉዲፈቻ፣ ለእህቴ ልጅስ?

ነገሩ የሆነው ባለፈው መስከረም ነው። እንግሊዝ አገር፣ የቀን ሥራ የምሠራበት ግንባታ ቦታ ላይ ነኝ። የሻይ ሰዓት ደርሶ ገባሁና ቁጭ አልኩ። ሻይ ክፍሏን የያዘችው ሴትዮ ስድሳውን ያለፈች ደግ ሰው ናት። ስኳሬ ሦስት ማንኪያ መሆኑን ሳልነግራት ታውቃለች። ብርድ ሲሆን "ጓንትህን አድርግ" ብላ እንደ እናት የምትቆጣኝ እሷ ብቻ ናት።

የዚያን ቀን አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ለልጅ ልጇ የልደት ስጦታ ነው። ደስ ብሏት ከፈተችልን። ውስጡ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ የምስክር ወረቀትና አንድ ትልቅ ፎቶ አለ። ፎቶውን ሳየው ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ቀይ ቀበሮ ናት። ያቺው የእኛዋ። ቀጭን ረጃጅም እግር፣ ሹል አፍ፣ አንገቷ ሥር ነጭ፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር። ከኋላዋ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ቆሟል።

"ለልጅቷ ጉዲፈቻ ወስደንላታል" አለችኝ። ቃሉን አልጨመርኩበትም። በእንግሊዝኛ የተናገረችው ቃል ወላጅ ለሌለው ልጅ የሚባለው ያው ጉዲፈቻ ነው። በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ይቆረጣል። ገንዘቡ ቀበሮዋን ለመጠበቅ ይውላል። "የት አገር እንደምትኖር ታውቃለህ?" ብላ ጠየቀችኝ።

እንዴት አላውቅም! ያደግኩት ወሎ፣ ደላንታ ነው። ከወገል ጤና ወደ ላይ፣ ከገብሱ ማሳ በላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት፣ ጓሳ በምንለው የተራራ ሣር ላይ በግ ስጠብቅ ነው ያደግኩት።

ነገርኳት። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሳይነሳ በጎቹን ይዤ እወጣ ነበር። ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ደበሎዬን ተከናንቤ ድንጋይ ጥግ እቀመጣለሁ። ቀበሮዋ ብቻዋን ትመጣለች። ቀስ ብላ ትራመድና ድንገት ቀጥ ትላለች። ጆሮዋ ይቀሰራል። ጭንቅላቷን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዘመም ታደርጋለች። ጉድጓድ ውስጥ ያለችውን አይጥ እያዳመጠች ነው። ሆዷ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብላ አንድ እግሯን አንስታ ትቆያለች። እኔም ትንፋሼን ይዤ እቆያለሁ። ከዚያ ብድግ ትልና በሁለት የፊት እግሮቿ ጉድጓዱ አፍ ላይ ታርፋለች። አይጧን ይዛ ቀና ስትል አፈሩ ከአፏ ላይ ይረግፋል። በጎቹ አጠገቧ ይግጣሉ። አይፈሯትም። ግልገል ትሰርቃለች ይሉ ነበር። በእኔ ጊዜ ግን አንድም አልወሰደችብኝም። የሚፈጀን ጅብ ነበር።

ሴትዮዋ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፏን ከፍታ ሰማችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ስንት ልጅ ትወልዳለች? ብርዱን እንዴት ትችለዋለች? ሰዎቹስ ይገድሏታል?" እያለች ጠየቀችኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ ስለ አገሬ እንዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ልቤ ተከፈተና ስለ እህቴ ልጅ ላጫውታት ጀመርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እዚያው ተራራ ላይ ይኖራል። መሬት የለውም። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። ወደ ሳዑዲ ልሂድ እያለ እናቱን ያስጨንቃታል።

በረጅሙ ተነፈሰች። "በ1984 እኮ እኔም ሰጥቻለሁ" አለችኝ። እንደ እኛ አቆጣጠር 77 መሆኑ ነው። ኮረም ሜዳ ላይ የተኛውን ሕዝብ በቴሌቪዥን አይታ፣ አልቅሳ፣ ገንዘብ ልካለች። ከዚያ እጄን ያዝ አደረገችና "አሁን ግን ያኔ ከነበራችሁት ሦስት እጥፍ ሆናችኋል። ችግሩ በጣም መብዛታችሁ ነው" አለችኝ።

በክፋት አልነበረም። ክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እያዘነችልኝ ነው የተናገረችው። ስለ ቀበሮዋ ስትጠይቅ "ስንት ቀሩ?" ብላ ነው። ስለ እኛ ስትናገር "ስንት በዛችሁ" ሆነ። አንጀቴ ቅጥል አለ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ማታ አውቶቡስ ውስጥም፣ ቤቴ ገብቼም ከጆሮዬ አልወጣም።

ቁጥሩን አልክድም። በ1976 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 40 ሚሊዮን ነበርን። ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሆነናል። ግን እሷ ያለችበትን አገር ልብ በሉ። በእንግሊዝ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ400 በላይ ሰው ይኖራል። በኢትዮጵያ ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ሰው በመብዛት ከሆነ የበዙት እነሱ ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ከመቶ ሠራተኛ አንድ ያህሉ ብቻ ነው ከእርሻ ጋር ግንኙነት ያለው። የተቀረው ፋብሪካ፣ ሱቅ፣ ቢሮ፣ ሆስፒታል ይገባል። ልጅ ሲወለድ የአባቱ ማሳ አይቆረስም። እኛ ዘንድ ግን ልጅ በተወለደ ቁጥር ማሳው ይቆረሳል።

ተኩላቸውንም ቢሆን ድሮ ጨርሰውታል። እንግሊዝ ውስጥ ተኩላ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። በጋቸውን አራቡ፣ ጫካቸውን መነጠሩ፣ ከተማቸውን ሠሩ። ጠግበው ሲያበቁ ነው ለአውሬ የራሩት። እንስሳት እንዳይበደሉ የሚከራከር ማኅበር ለንደን ውስጥ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ልጆች እንዳይበደሉ የሚከራከረውን ለንደን ላይ ያቋቋሙት በ1884 ነው። መካከሉ 60 ዓመት ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ሁለቴ ደግሜ አየሁት። ለፈረስ ጠበቃ ከቆመ በኋላ ለሕፃን ጠበቃ እስኪቆም አንድ ትውልድ ተወልዶ አርጅቷል።

ቁስሌ ግን ከዚህም ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። ባለፈው ሰኔ ሥራችን ቆመ። ምክንያቱ ኒውት የምትባል ፍጥረት ናት። እንሽላሊት ትመስላለች፣ ኩሬ ውስጥ ትራባለች፣ ርዝመቷ ከጣት ትንሽ ይበልጣል። በሕግ የተጠበቀች ናት። እሷ ባለችበት ያለ ፈቃድ መቆፈር ያስቀጣል። ባለሙያዎች መጡ። ዙሪያውን ዝቅ ያለ የላስቲክ አጥር አጠሩ። ባልዲ መሬት ውስጥ ቀበሩ። በየጠዋቱ እየዞሩ ባልዲ ውስጥ የገባችውን በእጃቸው አቅፈው ወደ ሌላ ኩሬ ያደርሳሉ። ቁፋሮው ያ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

እኔ በቀን ሥራ የተቀጠርኩ ነኝ። ሥራ ከሌለ ክፍያ የለም። አምስት ሳምንት ያለ ደመወዝ ተቀመጥኩ። ቀጣሪዎቼ "ይቅርታ" እንኳ አላሉኝም። ለኒውቷ የመጡት ባለሙያዎች በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። እኔን ግን "የቤት ኪራይህን በምን ከፈልክ?" ያለኝ የለም።

በዚያው ሰኔ የእህቴ ልጅ ደውሎ ነበር። "አያ፣ ለበግ መግዣ ትንሽ ብር ብትልክልኝ። አድልቤ ለዘመን መለወጫ እሸጣቸዋለሁ" አለኝ። አምስት በግ ነው ያሰበው። ልመናም አይደለም፣ ብድር ነው ያለኝ። "ይኼ ወር አይሆንም" አልኩት። ለምን እንደማይሆን ግን አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው? እንሽላሊት የምታህል ፍጥረት ሥራዬን አስቁማ ነው ልበለው?

እውነቱን ልናገር፤ ያን ሕግ ሳየው ቀንቻለሁም። ከጣት ለምትበልጥ ፍጥረት ሲባል ዶዘር የሚቆምበት አገር ነው። ባለሀብቱ ቢጮህ፣ ቀኑ ቢባክን፣ ሕጉ ሕግ ነው። በእኛ አገር አንድ ገበሬ ከእርስቱ ሲነሳ ዶዘሩን አቁሞ "ይህ ሰውዬ የት ይገባል?" ያለ ማን ነው? ለሰውም ቢሆን እንዲህ ያለ አጥር ይታጠርለት ነበር የምመኘው።

ደላንታ ስለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። አባቴ ስድስት ጥማድ መሬት ነበረው። በ1989 ክልሉ መሬት ሲያከፋፍል ከዚያም ተቀነሰ። አባቴ ሲያርፍ ወንድሞቼ ተካፈሉት። አሁን ለአንዱ የደረሰው ቆሜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ድንጋይ ብወረውር የሚያልፍ ነው። ከዚያ ማሳ ላይ ለልጅ ልጅ የሚቆረስ የለም። በልግ ደግሞ ድሮ እንደነበረው አይጥልም። ሲጥልም ውርጩ ይደርስበታል።

ስለዚህ ልጆቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ወደ ጓሳው። ገብስ ከ3,500 ሜትር በላይ ሲዘራ አይቻለሁ። የእህቴ ልጅም በግ መግዣ ሲያጣ ዶማ ይዞ ወጣ። ዳገቱ ላይ ለበሬ የማይመች አንዲት ቁራጭ ቆፍሮ ገብስ ዘራባት። እኔ እረኛ ሆኜ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ሥር ነው። ቀበሮዋ አይጥ የምታድንበት ቦታ ማለት ነው።

በዓለም ላይ የቀሩት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ወሎ ውስጥ በደላንታ፣ በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት በኩል ጥቂት ጥቂት ቀርተዋል። ከሰው ሸሽታ አናት ላይ ወጥታለች። ከአናት በላይ ደግሞ መሄጃ የላትም። የእህቴ ልጅም እንደዚያው ነው፤ እሱም ከታች መሬት አጥቶ ነው አናት ላይ የወጣው። ሁለቱ እዚያች ቁራጭ ላይ ተገናኙ። አንዳቸው ጉዲፈቻ አላቸው።

ጠባቂዎች መጡ። "ይህ የተከለለ ነው፣ ሁለተኛ እንዳትቆፍር" ብለው አስፈረሙት። ልክ ናቸው። ጓሳው ከታረሰ አይጧ ትጠፋለች፣ አይጧ ከጠፋች ቀበሮዋ አትኖርም። አፈሩም በአንድ ክረምት ታጥቦ ወደ በሽሎ ወንዝ ይወርዳል። ይህን ልጁም ያውቀዋል፣ ሞኝ አይደለም። "እሺ፣ ታዲያ የት ልረስ?" ብሎ ሲጠይቃቸው ግን መልስ አልነበራቸውም። ሥራቸው ቀበሮዋን መጠበቅ ነው። እሱን የመጠበቅ ሥራ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘም።

"ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ አለ አይደል?" ትሉኝ ይሆናል። አዎ አለ። በ2000 ገደማ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ተገኝቶ አገሩ ሁሉ ገደል ላይ ተንጠለጠለ። ልጆቹ ገደሉን ቦርቡረው ይገባሉ። ድጋፍ የለውም፣ ምሰሶ የለውም። ሲናድ ሰው ይዞ ይናዳል። እህቴ "የቆፈረው ይቅርብኝ፣ ሬሳውን አውጡልኝ እያሉ የሚያለቅሱትን አይቻለሁ፤ አልልከውም" ብላ ማለች። እሷን መውቀስ አልችልም።

በቃ የቀረው ባሕር ማዶ ነው። ወሎ ውስጥ በጅቡቲ አድርጎ፣ በየመን አቋርጦ ሳዑዲ የገባ ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጉ። አታገኙም። የቀረበትም ቤት ብዙ ነው።

መብዛት ያሉትን ደግሞ እህቴን አይተው ይናገሩ። እናቴ ዘጠኝ ወልዳለች። እህቴ ሦስት። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት እየዞረች አስተምራ፣ የሦስት ወር መርፌዋን ሰጥታ ነው። በ2008 በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 3.7 ልጅ ነበር። ከአገሪቱ አማካይ ከ4.6 ያነሰ ነው። እናቶቻችን ከወለዱት በግማሽ ቀንሷል ማለት ይቻላል። ይህን ያደረጉት እነዚያ ከገጠር የወጡ፣ በእግራቸው ዳገት የሚወጡ ሴት ልጆች ናቸው። ለእነሱ ፎቶና የምስክር ወረቀት ያለው ካርቶን አይቼ አላውቅም። የተወለደው ግን ተወልዷል። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላውን ልጅ "መወለድ አልነበረብህም" ብሎ መመለስ አይቻልም።

የቀበሮዋ ሰዎች ሥራ ከንቱ ነው አላልኩም። በ2012 ሰሜን ተራሮች ላይ እግሩ በጥይት የተሰበረ ቀይ ቀበሮ ተገኝቶ፣ ሐኪም ወጥቶለት፣ ታክሞና ድኖ ወደ መንጋው ተመልሷል። ስሙንም "ተረፈ" አሉት። ሳነብ ደስ ብሎኛል። ወዲያው ግን ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ በቃሬዛ ስድስት ሰዓት መንገድ መወሰዷ ትዝ አለኝ። ይኸው ልጅ ነው የተወለደው። ያንን ሐኪም ወደዚያ አናት ያወጣው ልብ ለእሷም አንድ ቀን ቢወጣ ብዬ ተመኘሁ።

ሁለቱን አብሮ መሥራት እንደሚቻል አይቻለሁ። የእብድ ውሻ በሽታን ውሰዱ። ቀበሮዋን የሚፈጃት እሱ ነው፤ የሚያመጣባትም የእኛ ውሻ ነው። በ1996 ባሌ ላይ ገብቶ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩን ጨርሷል። ስለዚህ የገበሬውን ውሻ ይከትባሉ። የጎረቤታችን ልጅ በውሻ ተነክሶ ጠበል ሲወስዱት ውሃ አይቶ የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። እኩያዬ ነበር። ያኔ ለቀበሮ ብሎም ቢሆን ውሻውን የከተበ ሰው ቢኖር እሱም ይተርፍ ነበር።

መንዞችን ደግሞ እዩ። ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጓሳን ያቆዩት ስለ ቀበሮ ብለው አይደለም። ጓሳው ለቤታቸው ክዳን፣ ለገመዳቸው፣ በድርቅ ጊዜ ለከብታቸው ስለሆነ ነው። ድሮ ቄሮ በሚሉት የጋራ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት፣ ሲቸገሩ በጋራ ይከፍቱት ነበር። ባለቤቱ እነሱ ናቸው። ቀበሮዋም እዚያ አለች። ደላንታ ላይ ያንን የሚያህል ነገር ቢኖር፣ የእህቴ ልጅ ከጠባቂዎቹ አንዱ በሆነ ነበር። ያን ዳገት ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም። በየወሩ ከሚቆረጠው ገንዘብ የአንድ ልጅ ደመወዝ ቢወጣ ቀበሮዋንም ልጁንም ያኖር ነበር።

ይህንኑ ለሴትዮዋ ነገርኳት። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት አኩርፌያት ነበር። ሦስተኛው ላይ አላስቻለኝም። የእንግሊዝኛዬን ያህል አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና "የእህትህ ልጅ ስሙ ማን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ልትለው ሞከረች፣ ምላሷ አልታዘዝ አላት፣ ደግማ ሞከረች። ወረቀት አምጥታ አስጻፈችኝ። "የቀበሮዋን ሰዎች እጠይቃቸዋለሁ" አለችኝ።

የበግ መግዣውን በጥቅምት መጨረሻ ላክሁ። ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ያጠራቀምኳት ናት። ደውዬ "ወጣ ይበልና ብሩን ያውጣ" ልላት ስል እህቴ ድምጿ ልክ አልሆነም።

"አንተ ልጅ፣ የለም እኮ" አለችኝ።

"የት ሄደ?"

"ሐሙስ ሌሊት ወጣ። ሦስት ሆነው ነው የሄዱት። ኮምቦልቻ ሆነው ደወሉ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም።"

ምን እንደምላት ጠፋኝ። ዝም ተባብለን ቆየን። ከጀርባዋ ዶሮ ይሰማኛል። ወሬ ለመቀየር ይመስለኛል፣ ከላይ ስለዘራው ገብስ አነሳችልኝ። ደርሷል አለች። የሚያጭደው የለም፣ እሷም ዳገቱን አትችለውም። አይጥ ገብቶበታል። ጠዋት ጠዋት ከደጇ ሆና ወደ ላይ ስታይ ቀበሮዋ ገብሱ መካከል ቀጥ ብላ ቆማ ታያታለች።